የታኮ የላይኛው ከንፈር

ታኮ ደክሟታል። ጎህ ሲቀድ ወተቱን በጀሪካን ሞልታ ከብስክሌቷ ኋላ ታስራለች፤ ፀሐይ ሳይበረታ ዶሪ ገበያ ትደርሳለች፤ ሸጣ ትመለሳለች፤ ነገም ያው ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱ የቆመው በዚያች አሮጌ ብስክሌት ነው። የሰው አፍ ግን መቼ ያርፋል! "የሞሲ ሴት ትንዳ፣ ልማዷ ነው። የእኛ የፉላኒ ሴት እግሯን ከፍታ?" ይላሉ፣ ያንኑ ወተቷን እየጠጡ።

ሌላም ነውር አለባት። ልጅ ሆና ከንፈሯን ስትነቀስ፣ የታችኛው እንዳለቀ "ዋይ!" ብላ ጮኸች። መርፌ ሥር የጮኸች ልጅ ደግሞ አይጨረስላትም። ይኸው ለአቅመ አማትነት ደርሳም የታችኛው ከንፈሯ ከሰል መስሎ፣ የላይኛው እንደተፈጠረ ቀረ።

እሷስ ለምዳዋለች። ጣጣው የመጣው ልጇ ኩምባ ስትታጭ ነው። የእጮኛዋ የሳምቦ አክስት ዲኮ፣ አፏ የማያርፍ ሴት፣ መጥታ ተቀመጠችና፣ "እንግዲህ እቴ ታኮ፣ ልጅሽ መርፌውን ትንፍሽ ሳትል ችላለች፣ እንከን የላትም። አንቺ ግን በሠርጉ ቀን ያንን ግማሽ አፍ ይዘሽ እንግዳ ፊት ልትቀመጪ ነው? የፈሪ ዘር አገቡ ይበሉን?" አለች።

ታኮ ኩምባን አየቻት። ልጅቷ ሳምቦን ትወደዋለች፤ ስሙ ሲጠራ የያዘችው ዕቃ ይወድቅባታል።

"እሺ፣ እጨርሰዋለሁ" አለች ታኮ። ለመከራከርም አቅም አልነበራትም።

ነቃሿ እማማ ፔንዳ ተጠራች፤ ሴቶቹ ከበው ተቀመጡ። አሮጊቷ አንድ ላይ የታሰሩትን መርፌዎች ጥቁሩ ቀለም ውስጥ እየነከረች ትወጋት ጀመር። ያማል፤ ወይኔ፣ እንዴት ያማል! የትልቅ ሰው ገላ ደግሞ ለጉድ ይፈራል። ታኮ ግን ጭጭ አለች። ደሙ በአገጯ ሲወርድ፣ ነገ ላሞቹን ማን ያልብልኛል እያለች ታስብ ነበር።

"በቃ" አለች እማማ ፔንዳ። ሴቶቹ እልል አሉ።

ዲኮ ተነሥታ የታኮን እጅ ያዘች። "ጎሽ! ወንድ ነሽ! አሁን የቀረችው ያቺ ብስክሌት ብቻ ናት። የሳምቦ አማት ብስክሌት ላይ ተፈናጥጣ ስትሄድ አያምርም። ሸጪያትና እንገላገል።"

ታኮ መናገር አልቻለችም፤ ከንፈሯ አብጦ አፏን ሞልቶታል። ወደ ልጇ ዞረች። ንገሪያቸው እንጂ፣ ምን በልተሽ እንዳደግሽ አንቺ ታውቂያለሽ፣ ይላል ዓይኗ።

ኩምባ መሬት መሬቱን እያየች፣ "እማዬ፣ ብስክሌቷ ብትቀርስ?" አለች ቀስ ብላ።

ያኔ ታኮ ጮኸች። ደረቷን ይዛ ተንሰቀሰቀች፤ ደሙና እንባው ተደባለቀ።

"ኧረ ነውር ነው! ዛሬ እንኳን!" አለች ዲኮ ደንግጣ።

እማማ ፔንዳ መርፌዎቿን እየጠረገች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ "ተያት። ከንፈሩ አልቋል፤ ከእንግዲህ ብታለቅስ ማንም አይከለክላትም" አለች።