ሁለት ቀላል፣ አንድ ከባድ

መሬት ናት የምትሽከረከረው። ሰማያዊ ሉል፣ ዙሪያዋን መብረቅ፣ ከኋላዋ ደግሞ በወርቅ ቀለም «እሳት ፊልም» የሚል ጽሑፍ እየዞረ መጥቶ ስክሪኑን ሞላው። ሳምራዊት ሲዲውን አውጥታ መልሳ ከተተችው። ያችው መሬት!

«የኔ ሎጎ የታለ?»

ሸሪኳ ይገረም ቀና አላለም። ሰባተኛ ሰፈር፣ ፎቅ ቤት ላይ ያለችውን ይህችን አንድ ክፍል ስቱዲዮ አብረው ነው የከፈቷት፤ እሱ ይቀርጻል፣ እሷ ታቀናብራለች። የመጀመሪያ ፊልማቸው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እታች ባለው ቪዲዮ ቤት ይታያል።

«አጠፋሁት» አለ። «ሃርድ ዲስኩ ሞልቶ ነበር። ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ? ገና ፊልሙ ሲከፈት ቀጥቃጭ አይቶ ማን ያከብረናል?»

ቀጥቃጭ! ደሟ ፈላ። ሦስት ወር ዓይኗ እስኪቀላ የለፋችበት ሥራ ነው። የአባቷ እጅ መዶሻ ያነሳል፤ ሁለቴ ቀለል አድርጎ፣ አንዴ ጠንከር አድርጎ ቆርቆሮውን ይመታል። በእያንዳንዱ ምት አንድ ፊደል ከቆርቆሮው ላይ ተጣጥፎ ይነሳል፤ በሦስተኛው «እሳት» ተብሎ ይቆማል። ለአንዷ ሰከንድ ሃያ አምስት ሥዕል፣ አንድ በአንድ። እሱ ደግሞ በአንድ ጣት ደመሰሰው። የት አባቱ!

«ካሴቱስ? አባዬን የቀረጽንበት?»

«ሰርግ ቀረጽኩበት።»

ኪቦርዱን ልትወረውርበት አነሳችው። መልሳ አስቀመጠችው።

አባቷ አቶ አገኘሁ ምን አለሽ ተራ ከአሮጌ በርሜል ምድጃ ሲሠሩ ሠላሳ ዓመታቸው ነው። ልትቀርጻቸው ስትለምናቸው «እጄን ብቻ ቅረጪ፣ ፊቴን ተይው» ብለዋት ነበር። «ስድቡ ለኔ ይበቃኛል፤ አንቺን እንዳይከተልሽ።» እሷ ግን «ከተዋናዩ ሁሉ ቀድሞ የሚታየው ያንተ እጅ ነው» ብላ ማለችላቸው።

ፊልሙን ከማየታቸው በፊት ልትነግራቸው ደረጃውን እየሮጠች ወረደች። አልደረሰችም፤ ቪዲዮ ቤቱ ሞልቶ ጠበቃት። አባቷ ኮታቸውን ለብሰው ከፊት አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ሱቃቸውን ዘግተው አራት የሙያ ጓደኞቻቸውን አስከትለዋል። ሽኩር የሚባለው ወፍራሙ ብየዳ ሠሪ ገና ሲያያት አጨበጨበላት። ምን ብላ ትንገራቸው? ፊልሙ ሊጀምር መብራቱ ጠፋ።

መሬት ተሽከረከረች። መብረቁ ተንጣጣ፣ ወርቁ ዞረ። ሰዉ አፏጨ፤ ወደደው። ሳምራዊትን ይበልጥ ያቃጠላት መውደዱ ነው።

አባቷ አንገታቸውን አስግገው ጠበቁ። ፊልሙ ጀመረ። ወደ እሷ ዞሩ።

«ሳምሪ፣ እጄ የታለ?»

ልትዋሽ አሰበች። በኋላ ይመጣል ልትል። በሩ ጋ ይገረም የተመልካቹን ብዛት ሊቀርጽ ካሜራውን ትከሻው ላይ አድርጎ ቆሟል።

«ይገረም ቆርጦ አወጣው፣ አባዬ» አለች ጮክ ብላ። «ቀጥቃጭ ያዋርደናል ብሎ።»

አንድ ሰው «እሽሽ!» አለ። አቶ አገኘሁ ቀስ ብለው ተነሱ። ወደ ቤታቸው የሚሄዱ መስሏት መንገድ ለቀቀችላቸው። እሳቸው ግን ግድግዳው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። የቪዲዮ ቤቱ ግድግዳ ቆርቆሮ ነው። በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉት፤ ጡጫቸውን ጨበጡ።

ሁለት ቀላል። አንድ ከባድ።

ቤቱ ተናወጠ። እንደገና መቱ። ሽኩር ተነሳ፤ የቀሩት ሦስቱም ተከተሉት። አምስቱም በአንድ ምት ግድግዳውን ሲሉት ከጣሪያው አቧራ ረገፈ። በቴሌቪዥኑ ውስጥ ተዋናዩ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ አንድም ቃል አይሰማም። የሚሳደብ አለ፣ ገንዘቤን መልሱ የሚል አለ። አባቷ አልዞሩም። ኮታቸውን አውልቀው መሬት ጣሉት።

ሳምራዊት በሰው መሀል እየተጋፋች በሩ ጋ ደረሰች። ይገረም ካሜራውን አውርዶ አፉን ከፍቶ ያያል።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለችው። «ቅረጽ! ፊታቸውንም ጭምር!»