የታገደው ቁጥር

ወንዙ ዳርቻውን ጥሶ ታችኛው ሰፈር የገባው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነበር። የአደጋ ጥሪ ማዕከሉ ትልቅ ስክሪን ግን ታችኛውን ሰፈር ንጹሕ አድርጎ ያሳያል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ሰው በስልኩ አጭር መልእክት ይልካል፣ ካርታው ላይ ቀይ ነጥብ ይበራል። ላይኛው ሰፈር በቀይ ተዥጎርጉሯል፤ ምንጣፉ የራሰበት ሁሉ ይጽፋል።

«አለቃ፣ ውሃ ሽቅብ መፍሰስ የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?» አለች መልእክት ተቀባይዋ። «ከታች አንድ ሪፖርት እንኳ የለም።»

«ካልጻፉ ደህና ናቸው ማለት ነዋ። ሲስተሙ አይዋሽም» አለ ኃላፊው።

አፍ ዳገት አይፈራም! ደሟ ፈላ። ማንም ከፍቶት የማያውቀውን የታገዱ ቁጥሮች መዝገብ ከፈተችው። አንድ ቁጥር፣ ሠላሳ አንድ መልእክት።

«ልብስ ሰፊዋ ነኝ። መብራት ከጠፋ ሁለት ቀናችን ነው፤ ባትሪ ያለው የእኔ ስልክ ብቻ ስለሆነ የሁሉንም ቤት እኔ እጽፋለሁ። መጀመሪያ ዘጠነኛ በር፦ አባባ ብቻቸውን ናቸው፣ ከአልጋ አይነሱም።»

«ሦስተኛ በር፦ አምስት ሰው፣ ውሃው ጉልበት ደርሷል።»

«ሰባተኛ በር፦ አራስ አለች፣ ጣሪያ ላይ አውጥተናታል።»

እንዲህ ያለ የተጣራ ሪፖርት ማዕከሉ ደርሶት አያውቅም። ሲስተሙ ግን አራተኛው ላይ «የተደጋገመ ሐሰተኛ ጥሪ» ብሎ ቁጥሩን አግዷል፤ የቀደሙትን ሦስቱንም ከካርታው ሰርዟል። ለልብስ ሰፊዋ አልነገራትም፤ በየመልእክቱ «ደርሶናል» እያለ ይመልስላታል።

«ደንቡ የታገደ ቁጥር እንዲታመን ሦስት የተለያየ ቁጥር ይመስክር ይላል» አለ ኃላፊው አንብቦ። «ይቺ አንድ ሰው ናት።»

«ሠላሳ አንድ ቤት ናት! ደንቡን ያወጣው ሰውዬ እቤቱ ስንት ስልክ አለው?»

መልሱን አልጠበቀችም። የነፍስ አድን ጀልባ ነጂው ጋ ደወለች።

«የት ነህ?»

«ላይኛው ሰፈር። የአንድ ሰውዬ መኪና እየጎተትን ነው።»

«መኪናውን ተወውና ወደ ታች ውረድ! ዘጠነኛ በር ቅድሚያ!»

ኃላፊው «በራስሽ ኃላፊነት ነው» አለ። «በራሴ!» ብላ ጮኸችበት፤ ክፍሉ ሙሉ ዞሮ አያት።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ የጀልባ ነጂው ድምፅ መጣ። «ዘጠነኛ በር ደርሰናል» አለ። «ውሃው አልጋውን አልፎታል፣ እህቴ። ሌሎቹን እያወጣን ነው።»

ሠላሳው ቤት በሕይወት ወጣ። ኃላፊው ይህንኑ ለበላዮቹ ሊያበስር ስልኩን ሲያነሳ እሷ ድምፅ ማጉያውን ከፍታ ልብስ ሰፊዋ ጋ ደወለች።

«አባባን ከሁሉ አስቀድሜ ጽፌ ነበር፣ እህቴ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ምናልባት ኔትወርክ ይሆን? ምናልባት ተሳስቼ ጽፌው ይሆን?»

ኃላፊው ድምፅ ሳያሰማ በከንፈሩ «ኔትወርክ በያት» ይላል።

«አልተሳሳትሽም» አለች መልእክት ተቀባይዋ፣ የኃላፊውን ዓይን እያየች። «በሰዓቱ ደርሶን ነበር። አግደንሽ ነው።»