ሰባት ቀን ጠበል፣ አንድ ፓኮ ኪኒን

በሽታዬን እንደ ማዳሜ የወደደልኝ ሰው የለም። እኔ እጄ ተሰነጣጥቆ ማንኪያ መያዝ ሲያቅተኝ እሷ ለጎረቤት ትኮራብኝ ነበር። ማዳም ሱአድ ትባላለች። ቤይሩት፣ ዓይን ኤል ረማነህ የሚባል ሰፈር፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ ጥይት ግድግዳውን የበሳሳው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። ጦርነቱ ካበቃ ሰባት ዓመት ሆኖት የግድግዳውን ቀዳዳ የሚደፍን ሰው አልተገኘም፤ እሷ ግን ፍሪጁ አናት ላይ አቧራ ካየች ለቅሶ ትቀመጣለች።

ነገሩ የጀመረው በጋዝ ነው። እንደመጣሁ ሰሞን ማዳሜ፣ ከኔ በፊት የነበረችው ልጅ ጋዙን ሳትዘጋ ተኝታ ሕንፃውን ልታጋየው እንደነበር ነገረችኝ። ነገረችኝ ስል አንዴ እንዳይመስላችሁ፤ ሳምንት ሙሉ፣ በቁርስም በእራትም። ከዚያ ወዲህ ዘግቼ እወጣለሁ፣ ወጥቼ እመለሳለሁ። ዘግቻለሁ? ዘግቻለሁ። እርግጠኛ ነኝ? አይደለሁም። ሰባት ጊዜ ካልነካሁት ሰው የሚሞት ይመስለኛል። የሚሞተው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ያው ነው፤ ደሴ እናቴ ጋ ትቻት የመጣሁት ልጄ ሳምሪ። የቤይሩት ጋዝ ደሴ ድረስ ምን አስኬደው በሉኝ። እኔም ራሴን እንደዚያ እላለሁ፤ እያልኩም እመለሳለሁ።

ከጋዙ ወደ እጄ ተሻገረ። ጥሬ ሥጋ የነካ እጅ፣ የበር እጀታ የነካ እጅ፣ ብር የነካ እጅ፣ ሰባት ጊዜ በሳሙና፣ ለማሳረጊያ በበረኪና። ስቆጥር መሀል ስልክ ከጮኸ እንደገና ከአንድ ነው። ሥራዬን ከሌላው ሰው እኩል ለመጨረስ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መነሳት ጀመርኩ። ማዳሜ ይሄን ሁሉ ታያለች፣ ታይና ለእኅቷ ስልክ ትደውላለች።

ሐሙስ ሐሙስ ጓደኞቿ ሲመጡ ለትርኢት የምቀርበው እኔ ነኝ። አንዷ ወንበር ላይ ትወጣና ጣቷን ከበሩ በላይ ባለው ጠርዝ ላይ ታስኬደዋለች፤ ጣቷ አቧራ ሳይነካው ሲመለስ ያጨበጭባሉ። ስሜ ሀረገወይን ነው፤ እነሱ ግን ንዲፌ፣ ንጹሕ፣ ይሉኝ ጀመር። ወግ ነው፤ ሰውን በስሙ መጥራት የከበዳቸው ሴቶች ለቅጽል አያንሱም። እኔስ? ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን አስዋሸኝ። እዚያ አገር በሦስት ዓመት ውስጥ የተመሰገንኩበት ነገር ያ ብቻ ነው።

በፈረንጆቹ ዘጠና ሰባት፣ የካቲት ላይ የባሏን የሙስዩ ከሊልን ነጭ ሸሚዝ ስተኩስ ከጣቴ ደም ኮሌታው ላይ ጠብ አለ። ማዳሜ ያኔ ነው የደነገጠችው። ለሸሚዙ። ቅባት ያዝላታል ብላ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ፤ እሱ እጄን አገላብጦ አየና እዚያው ሕንፃ ላይ ላለ ሌላ ሐኪም ላከን።

ሁለተኛው ሐኪም ሽማግሌ ነው። በቀን ስንት ጊዜ ትታጠቢያለሽ ሲለኝ አንሼ ነገርኩት፤ እሱም ያነሰውን ቁጥር ሰምቶ መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ የጫማሽን ሶል ንኪና ሳትታጠቢ አምስት ደቂቃ ተቀመጪ አለኝ። ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ሕክምና ነው ብዬ እየሳቅሁ ነካሁት። ሁለት ደቂቃ አልሞላኝም፤ ሳምሪ ዓይኔ ላይ መጥታ እንባዬ መውረድ ጀመረ። ሐኪሙ መታጠቢያውን አሳየኝና፣ ታጥቤ ስመለስ፣ እንዲገባኝ በቀላል ዓረብኛ እያዘገመ፣ «ይሄ በሽታ ነው። ጥፋትሽ አይደለም፣ ጠባይሽም አይደለም። መድኃኒት አለው» አለኝ።

በፈረንሳይኛ ስም ሰጠው፤ እኔ ልይዘው አልቻልኩም። ከመሳቢያው አንድ ፓኮ ኪኒን አውጥቶ በእጄ ሰጠኝ፤ በየጠዋቱ አንድ፣ መጀመሪያ ሰሞን ሊያቅለሸልሽሽ ይችላል፣ ለውጡን ለማየት አምስት ስድስት ሳምንት ጠብቂ አለ። ማዳሜ ጣልቃ ገብታ፣ ይሄን ከዋጠች በኋላ ታጸዳለች ወይ ብላ ጠየቀችው። እንደ ሰው ታጸዳለች አላት። ፊቷ ጠቆረ። እንደ ሰው የሚያጸዳ ሰው እኮ ኤጀንሲው ሞልቶታል።

መኪና ውስጥ ስንገባ እጄን ያዘችው፣ ያንን የተላላጠ እጅ፣ ይዛኝም አታውቅ። «ሀቢብቲ፣ የኔ ውድ፣ አንቺ እኮ አልታመምሽም፤ ንጹሕ ነሽ። ይሄ የመጅኑኔ፣ ያኒ የእብድ መድኃኒት ነው» አለችኝ። ቀጥላም አስፈራራችኝ፤ መስከረም ላይ መኖሪያ ፈቃዴ ሲታደስ ደሜ ይመረመራል፣ ኪኒኑ ደሜ ውስጥ ከተገኘ እብድ ብለው በመጀመሪያው አውሮፕላን ይጠርዙኛል። ቤት ስንደርስ ቆሻሻ ውስጥ ጣይው አለች። እሺ ብዬ በፌስታል ጠቅልዬ ቦርሳዬ ግርጌ ከተትኩት።

አልጣልኩትም፣ አልዋጥኩትምም። የደም ምርመራውን ፈርቼ ነበር፣ እውነት ነው። ከምርመራው በላይ የፈራሁት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ቢያድነኝስ? ጋዙን አንዴ ዘግቼ ብሄድና ያን ቀን ልጄ ብትሞትስ? ደሞ ንዲፌ ካልሆንኩ እዚያ ቤት ውስጥ ምንድን ነኝ? ማዳሜ ንጹሕ ነሽ ስትለኝ እያወቅሁባት ሆዴ ባባ፤ በዚህ እስከ ዛሬ በራሴ አፍራለሁ።

እሑድ ሐበሾች የምንሰባሰብበት ሰፈር፣ ዶራ፣ ሄጄ እሙሽን አማከርኳት። እሙሽ ከማዳሟ ወጥታ ከአራት ሴቶች ጋር ክፍል ተከራይታ በሰዓት የምትሠራ ሴት ናት፤ ዶራ ላይ ማንም ሳይሾማት የሁላችን አማካሪ ሆናለች። ገና ነግሬያት ሳልጨርስ ፈረደች፤ መንፈስ ነው። ለመንፈስ ጠበል እንጂ ኪኒን ምን ያደርጋል? አልጋዋ ሥር አንድ ትልቅ የውሃ ፕላስቲክ አላት፤ ከሁለት ዓመት በፊት ሰው ከአገር ቤት ያመጣላት ጠበል ነው። ለስንቱ አጠጥታ አሁንም ሙሉ ነው፤ በጎደለ ቁጥር ከቧንቧ ትሞላዋለች፣ ጠበል ውሃ ቢጨመርበት ጠበልነቱን አይለቅም ትላለች። በዚህ አያያዝ ዶራ ጠቅላላ ተጠምቋል ማለት ነው።

ሕጉን አስቀመጠች። ሰባት ቀን በባዶ ሆድ እጠጣለሁ፤ በሰባቱ ቀን ውስጥ መድኃኒት በአፌ አይዞርም፣ ሁለቱ አይገናኙም። ሰባቱ ሲሞላ ካልተሻለኝ የፈረንጁን ኪኒን እንደፈለግሁ። ሰባት ቀን ምን አላት ብዬ በትንሽ ጠርሙስ ቀድታልኝ ይዤ ሄድኩ።

እንግዲህ ለማን ቁጠሪ እንዳሉ ተመልከቱ። ሦስተኛው ቀን ላይ ጠበሉን ከመጠጣቴ በፊት ምራቄን ውጫለሁ አልዋጥኩም የሚለው ግራ ገባኝ፤ ኸላስ፣ አበቃ፣ ተበላሽቷል ብዬ ከአንድ ጀመርኩ። ሌላ ጊዜ አምስተኛው ላይ የበላሁት የትላንቱ ፍርፋሪ ጥርሴ ውስጥ ቀርቶ ቢሆንስ አልኩ፤ ከአንድ። እሙሽ በየእሑዱ ጠርሙሴን እየሞላች አይዞሽ፣ አትቸኩዪ ትለኛለች። ከፋሲካ በፊት የጀመርኩት የሰባት ቀን ጠበል ሰኔ ላይ አራተኛ ቀኑን ይዞ ነበር። ኪኒኑ ቦርሳዬ ግርጌ እንደታሸገ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጋር ስልኩ ነበር። በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ እናቴ ሳምሪን ይዛ ስልክ ያላቸው ጎረቤት ቤት ትቀመጣለች፤ እኔ ዶራ ካለው ስልክ ቤት እደውላለሁ። ግማሽ ሰዓት ካለፈ ባለቤቶቹ ቤታቸውን ዘግተው ይወጣሉ። የመጋቢቱን ስልክ እንዳለ የጨረስኩት ልጄን ሰባት ጊዜ ታጠቢ፣ ሳትቆጥሪ እንዳትተይ እያልኩ ነው። ትምህርቷን አልጠየቅኋት፣ የወለቀ ጥርሷን አልጠየቅኋት። ሚያዝያ ላይ ጫማዬን አድርጌ በሩ ጋ ደርሼ ወደ ጋዙ ተመለስኩ፤ ዶራ ስደርስ ሰዓቱ አልፏል። ግንቦት እንደዚያው፣ ሰኔም እንደዚያው። ማዳሜ ሶፋዋ ላይ ተጋድማ ስመላለስ እያየች ለባሏ፣ ቤቴን እንዴት እንደምትወድ አየህ ትለዋለች። የምወደው ቤቷን መሰላት፣ ብልጣብልጥ።

ሐምሌ ላይ እግዜር ጋዙን ጨረሰልኝ። ቅዳሜ ማታ አለቀ፤ አከፋፋዩ እሑድ አይመጣም። ባዶውን ሲሊንደር ሁለት ጊዜ ነካሁት፣ እዚህ ላይ የፈለጋችሁትን ያህል ሳቁ፣ ግን ሁለቴ ብቻ ነው። አራት ሰዓት ሳይሞላ ስልክ ቤቱ ውስጥ ነበርኩ። እሙሽ ጠርሙሴን ልትሞላልኝ ፕላስቲኳን ይዛ አጠገቤ ቆማለች።

ሳምሪ አያቷን እማዬ፣ እኔን እትዬ ነው የምትለው። ስምንት ዓመቷ ነው።

«እትዬ፣ ዛሬ ሰባት ጊዜ ታጠብኩ» አለችኝ፤ ጤና ይስጥልኝም አላለች። «ቆጥሬ ነው። እማዬ ሳሙናውን ጨረስሽው ብላ ተቆጣችኝ። ያኔ ያልደወልሽው ስድስቴ ስለታጠብኩ ነው አይደል?»

አይደለም አልኳት። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ የቀረሁት በኔ ጥፋት ነው፣ ካሁን በኋላ አንዴ ይበቃል፣ አንዴ በሳሙና ታጥበሽ ወደ ጨዋታሽ ሂጂ አልኳት። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ትልቅ ሰው ሲያባብላት ታውቃለች።

«እሺ» አለች፣ «ለማንኛውም ግን ሰባት ላድርገው።»

ይቺን «ለማንኛውም»ን አውቃታለሁ። ጋዙ እንደተዘጋ እያየሁ የምመለሰው በእሷ ነው፣ እጄ እየደማ በረኪናውን የማነሳው በእሷ ነው። ከእኔ አፍ በስልክ ሽቦ ሄዳ ልጄ ላይ ተቀምጣለች። የቤይሩት ጋዝ ደሴ አይደርስም ስል ከርሜ፣ አደረስኩት።

ስልኩን ዘግቼ ቦርሳዬን ገለበጥኩ፣ ፌስታሉን ፈታሁ፣ ፓኮውን ቀደድኩ። እሙሽ እጄን ያዘችኝ። ዛሬ ስንተኛ ቀንሽ ነው አለች። አምስተኛ ነው። ሁለት ቀን ነው የቀረሽ፣ ሁለቱ አይገናኙም፣ ትቀሰፊያለሽ፣ ደምሽ ውስጥ ይገኝብሻል አለች፤ የማዳሜን ሳይቀር ጨምራ።

«እሙሽ» አልኳት፣ «ይሄ የቧንቧ ውሃ ነው። አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ። አቀብይኝ።»

ትንሽ አየችኝና አቀበለችኝ። ኪኒኑን በጠበሏ ዋጥኩት። ደሜ ውስጥ ይታይ፤ መስከረም ላይ መርፌ የሚወጋኝ ሰው አንብቦ ይረዳው። እሙሽ ሦስት ጊዜ አማተበች፣ ከዚያ ሁለታችንም ቡና ልንጠጣ ወጣን።

ማታ ማዳሜ በሩን ስትከፍትልኝ እንደ ሁልጊዜው በቫን ከመጣሽ በኋላ እጅሽን ታጥበሻል ወይ አለችኝ። አልታጠብኩም አልኳት። የሰማችውን ማመን አቅቷት እጄን አየችው፣ ከዚያ ያ ሐኪም የሰጠሽ ነገር የት ነው ብላ ጠየቀች። ሆዴ ውስጥ ነው አልኳት።

ዋሽቻታለሁ፣ ስለ እጄ ማለቴ ነው። ከታች ሕንፃው መግቢያ ባለው ቧንቧ ሦስት ጊዜ ታጥቤያለሁ። አራተኛውን ሳልጀምር ውሃውን ዘጋሁትና ደረጃውን ወጣሁ።