ጋራዥ ውስጥ የሚተኩስ፣ ሜዳ ላይ የሚነክስ

«ጣ» ማለት የነበረበት ጠመንጃ «ጭ» አለ።

ብሪንሊ በደረቷ እንደተኛች ዓይኗን ጨፈነች፤ ከዚያ እጇን አነሳች። የተኩስ ሜዳ ሕግ ከትምህርት ቤት ሕግ የተገላቢጦሽ ነው። ክፍል ውስጥ እጅ የሚያወጣው ያወቀ ነው፤ እዚህ ግን ጠመንጃው የነከሰበት።

የሜዳው ኃላፊ እትዬ ጌል አመዳይ የጋገረውን ሣር በቦት ጫማቸው እያንኮሻኮሹ መጡ። ከሰኞ እስከ ዓርብ የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ ይነዳሉ፤ ቅዳሜ ደግሞ ይህን ሜዳ። ሁለቱንም የሚነዱት በአንድ ዓይነት ድምፅ ነው።

«ሁለተኛሽ ነው» አሏት።

«አውቃለሁ እትዬ ጌል። እስከ ሁለት መቁጠር አያቅተኝም።»

«እስከ ሦስት ከቆጠርሽ ግን ቡድኑን እርሺው። በመለወጫ ለምትመጣ ልጅ መጀመሪያውኑ እሺ ማለት አልነበረብኝም።»

ጥቂት ከጠበቁ በኋላ መቀርቀሪያውን አስከፍተው ያልተኮሰችውን ጥይት አወጡ። አገላብጠው አዩዋትና አጠገባቸው ለተኛችው ለብሪንሊ ጓደኛ ለማርሊ ሰጧት። ማርሊ የምትተኩሰው ለትንሿ ጥይት ተብሎ በተሠራ ጠመንጃ ነው። አጎረሰችና ቃታውን ሳበች። ጣ!

«ጥይቷ ደህና ናት» አሉ እትዬ ጌል።

«ያንቺ ጠመንጃ ነው ወይስ ስቴፕለር?» አለች ማርሊ፣ የጆሮ መሸፈኛዋን ገለጥ አድርጋ።

«ስቴፕለር ቢሆን አፍሽን እመታበት ነበር» አለች ብሪንሊ።

ሁለቱም ሳቁ፤ ብሪንሊ ግን በግማሽ ልቧ ነው። በበጋ ለዋዮሚንግ ውድድር በሚሄደው የአልደር ክሪክ ወጣቶች ቡድን የቀረው ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ የዛሬው ተኩስም ለሱ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ዕድሜዋ ያልፋል። ወይ ዛሬ፣ ወይ መቼም።

ጣጣው ሁሉ ከመለወጫው ነው። መለወጫ ማለት በእጅ የምትያዝ የብረት መቀርቀሪያ ናት። የትልቁን ጠመንጃ መቀርቀሪያ አውጥተው እሷን ሲከቱባት፣ ያ ቀበሮ የሚጥል ጠመንጃ ትንሿንና ርካሿን ጥይት ይተኩሳል። ትልቁ ጥይት የሚነሳው ቂጡን መሃል ለመሃል ሲመቱት ነው፤ ትንሿ ደግሞ ጠርዟን ካልመቷት አትነሳም። አንድ ጠመንጃ ብቻ ላለው ቤት መለወጫ ተአምር ነበር፤ ያውም አያቷ ኦርቪል መርጦ የገዛው፣ በገዛ እጁ የገጠመው። ኦርቪል የትራክተርና የሣር ማሰሪያ ማሽን ጠጋኝ ነው። በጋራዡ የኋላ በር በኩል አፈር ክምር ላይ ሲሞክሩት ክረምቱን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ አልነከሰም።

ታዲያ እዚህ ምን ነካው?

ተኩስ ቆመ ተባለ። እትዬ ጌል ወደ ብሪንሊ ጎንበስ አሉ። «ከፈለግሽ ከሰዓት ከመጨረሻዎቹ ጋር ተኩሺ። እስከዚያ ምን እንደሆነ ፈልጊ። ካላገኘሽው የኔን ጠመንጃ አውስሻለሁ፤ መለወጫ የሚባል ነገር ግን ከዛሬ በኋላ እዚህ ሜዳ አይገባም።»

«ካገኘሁትስ?»

«ካገኘሽው ታሳዪኛለሽ።»

ብሪንሊ ከተኩስ መስመሩ ኋላ ወዳለው የብረት ጠረጴዛ ሄዳ ጠመንጃውን ከፈተችና ማሰብ ጀመረች። የጥይቱ ካዝና ይሆን? አይደለም፤ መጀመሪያ የነከሰው በአንዱ ካዝና፣ ቀጥሎ የነከሰው በሌላው ነው። ጥይቷ? እሷንም ማርሊ አስጮኸቻታለች። መጀመሪያ የነከሰችው ጥይት ኪሷ ውስጥ ነበረች፤ አውጥታ ጠርዟን አየች። የምት ምልክት አለ፤ ግን ጥፍር የጫረው ያህል ነው። ጥይቷን የሚመታው ሹል ብረት፣ መቺው፣ ደርሷል፤ ጉልበት ግን አልነበረውም።

መቀርቀሪያዋን አወጣችና መቺውን በእርሳስ ጫፍ ገፋችው። ሄደ፤ የሄደው ግን ሰኞ ጠዋት ከአልጋ እንደሚወርድ ተማሪ ነው። በጥፍሯ ጫር ስታደርገው የሻማ ሰም የመሰለ ነገር ተላጠ።

ግራሶ። የጎማ ኩሽኔታ የሚቀባበት፣ ያ ወፍራሙ የአያቷ ግራሶ።

እንዴት እንደተቀባ ታስታውሳለች። ከሞቃት አገር ቪዲዮ የሚለቅ ሰውዬ «መለወጫችሁን ዘይት አትንፈጉት፤ ደርቆ አይሠራም» ሲል እሷም አያቷም ሰምተዋል። ኦርቪል ያኔ ቪዲዮውን አቁሞ፣ «ዘይት ጥሩ ከሆነ ግራሶ ደግሞ ይበልጣል» አለና እንደ ቅቤ ለቀለቀው። ማሽን ሲያቃስት ግራሶ የሚያጎርስ ሰው ነው። ጋራዡ ውስጥ ደግሞ ምድጃው ቀን ከሌት ይነድዳል።

ብሪንሊ ግራ ቀኝ አየችና መቀርቀሪያዋን ካፖርቷ ውስጥ፣ ብብቷ ሥር ወሸቀቻት። ብርዱ እስከ ጥርሷ ዘለቀ። ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ ተኩሱ ዳግም ተጀምሮ ማርሊ ተኩሳ እስክትነሳ ድረስ ታገሠች። ከዚያ አውጥታ መቺውን ገፋችው። ሸርተት! ቅቤ ውስጥ እንደገባ ቢላ።

ለብቻዋ ሳቀች። ቀጥሎ ግን ሳቋ ቆመ፤ የአያቷ ድምፅ ከፒክአፕ መኪናው በኩል ይሰማ ነበር።

«ሞላውን ነው ያረከሱት!» እያለ ነበር ኦርቪል መኪናውን ከበው ለቆሙት ሽማግሌዎች። «የዛሬ ፋብሪካ እኮ ሞላ ሳይሆን የጫማ ክር ነው የሚሠራው!»

ሽማግሌዎቹ የአጋዘን ቋሊማቸውን እያኘኩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከመካከላቸው ማሽኑን ኦርቪል ጋ ያላስጠገነ የለም።

ብሪንሊ እጅጌውን ይዛ ወደ ጎን ሳበችው። «አባባ፣ ሞላው አይደለም።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«ግራሶው።»

«ግራሶ ማንንም በድሎ አያውቅም።»

«ማንንም አልበደለም፤ በረደው ብቻ። እየው።» ሌላኛው የመቀርቀሪያዋ ጎን ላይ ብርዱ መልሶ ያደረቀውን ነጭ ቅርፊት አሳየችው። «ጋራዥ ይሞቃል፣ ይቀልጣል። እዚህ ደግሞ ሰም ይሆናል። መቺውን ጭቃ ውስጥ እንደገባ ላም ያዘው።»

ኦርቪል በአውራ ጣቱ አሸት አደረገው። ፊቱ አልተቆጣም፤ ይልቅ ከሽማግሌዎቹ ዞር አለ።

«ከሰዓት ተኩሺ ብላሻለች አይደል?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከሰዓት ይሞቃል፤ ደህና ይሠራልሻል። አሁን እዚህ መሃል መጥረግ ምን ያስፈልጋል? ማታ ቤት እንጠርገዋለን።»

ብሪንሊ ገባት። ከሰዓት ትተኩሳለች፣ አይነክስም፣ ቦታው የሷ ይሆናል፤ አያቷም ሞላ ሞላ እያለ ይኖራል። ምንም የሚጎዳ ሰው የለም። ነገር ግን የነከሰው በግራሶው ነው ወይስ በሌላ ነገር የሚለውን ማንም አያውቅም። እሷም አታውቅም። ይህ ደግሞ ጆሮ ውስጥ እንደገባች ትንኝ ነው።

«አባባ፣ ተሳስቼም ከሆነ አሁን ቢታወቅ ይሻላል» አለች። «ጨርቅ አለህ?»

ኦርቪል እጅጌውን ሰበሰበ። ከዚያ የኋላ ኪሱን ዳበሰና ጨርቁን አውጥቶ፣ ለሷ ሳይሰጥ ራሱ መጥረግ ጀመረ። መቀርቀሪያዋን በሙሉ አጸዳት፤ ጆሮ እንደሚያጸዳ ሰው፣ ቀዳዳ ለቀዳዳ።

ብሪንሊ ወደ እትዬ ጌል ሄዳ «አግኝቼዋለሁ» አለች። «ቀጭን ዘይት ይኖርዎታል? አሁን ነው መተኮስ የምፈልገው።»

«አሁን? ሦስተኛው ከነከሰብሽ…»

«አውቃለሁ።»

«ምን ሆኖ ነበር?»

ሽማግሌዎቹ ዞር ብለው ያዳምጡ ነበር። «ግራሶ አብዝተን ነው» አለች ብሪንሊ። «ቀባነውና ብርዱ አደረቀው።»

«ምን ቀባነው ትላለች!» አለ ኦርቪል ከኋላዋ። «እሷ አልነካችውም። እኔ ነኝ የለቀለቅኩት።»

አንዱ ሽማግሌ፣ «ኦርቪል፣ የኔን ማሽንም እንዲሁ ነው እንዴ ያደረግኸው?» ሲል ሳቁ ሜዳውን ሞላው።

«ያንተን ማሽን ግራሶ አያድነውም፤ ቄስ ነው የሚያስፈልገው» አለና ኦርቪል ከእትዬ ጌል እጅ ዘይቱን ተቀብሎ ሁለት ጠብታ አንጠበጠበ። ዘይቱን ሲያሰራጭ መቀርቀሪያዋን በሁለት መዳፉ መሃል አሻሻት።

«በይ፣ ግጠሚያትና ተኚ» አሉ እትዬ ጌል።

ብሪንሊ መቀርቀሪያዋን ተቀበለች። ሞቃለች፤ መጀመሪያ በሷ ብብት፣ አሁን ደግሞ በአያቷ መዳፍ። እንዲህ እንዳለች ብትገጥማት መተኮሷ አይቀርም። ጋራዥ ውስጥም እንዲሁ ትተኩስ ነበር።

አመዳይ የያዘውን የጠረጴዛውን ጥግ መርጣ እዚያ ላይ አስቀመጠቻትና እጆቿን ኪሷ ከተተች።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉ እትዬ ጌል።

«ትቀዝቅዝልኝ።»

እትዬ ጌልም አጠገቧ ቆመው ጠበቁ። የጠዋቷ ፀሐይ ከኮረብታው ጫፍ ተላቃ ወደ ጠረጴዛው ስትዘልቅ ኦርቪል አየት አደረጋት፤ ቆቡን አጠበቀና ብርሃኑ መቀርቀሪያዋ ላይ እንዳያርፍ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ ቆመ።