የጸጉሬ ሐዘን

ቆቦ ውስጥ እኔ ትርንጎ ከበሮ ሳልመታላት የተዳረች ልጅ ካለች ኮብልላ ነው። ሔራን ደግሞ እህቴ ስትሞት ተቀብዬ ያሳደግኋት ናት፤ ለእሷ ሠርግ ካልመታሁ ለማን ልመታ ነው?

ችግሩ፣ የጡት ካንሰር ያዘኝ። አዲስ አበባ ኬሞ ስወስድ ሐኪሙ «ተንቀሳቀሺ፣ ደስ የሚልሽን ነገር አትተይ» ብሎኛል። ጎረቤቴ ወይንሸት ግን ከሐኪሙ በላይ ታውቃለች። ብድግ ስል «ኧረ ተቀመጪ!» ስስቅ «ኧረ እንዳይደክምሽ!» ሊጠይቀኝ የሚመጣውም ገና ሳይቀመጥ ከንፈር መምጠጥ ይጀምራል። በቁሜ ሲያለቅስልኝ ስንቱን አባረርሁ!

የሠርጉ ለት ሻሼን ጠበቅ አድርጌ አስሬ ከበሮዬን አንገቴ ላይ አጠለቅሁ። ሙሽራው አጃቢዎቹን ይዞ ከዋጃ ሲገባ ዳሱን አቀለጥሁት። አንዴ እመር ስል ሻሼ ወልቆ እንግዶቹ መሀል ወደቀ።

የሁሉም ዓይን ራሴ ላይ ተተከለ። ጸጉሬን ኬሞው አርግፎታል፤ የዋጃ ሰው ይህን በምን ይወቅ? የተላጨች ሴት ሲያዩ ሐዘንተኛ መሰልኋቸው። ሐዘንተኛ ሠርግ ላይ ከበሮ ከመታች ደግሞ ለሙሽሮቹ ገዱ ክፉ ነው። አንዷ መጥታ ከበሮውን ካንገቴ አወለቀችው። ሔራን ከሙሽራው ጎን ሆና ታየኛለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

የሙሽራው አያት እማማ ወለላ አጠገባቸው አስቀመጡኝና «እግዜር ያጥናሽ ልጄ፤ ማን ሞቶብሽ ነው?» አሉኝ።

ነደደኝ። «ጸጉሬ!» አልኋቸው። «ካንሰር ይዞኝ መድኃኒቱ ጨረሰው። ሌላ የሞተብኝ የለም፤ እኔም አልሞትሁም!»

አሮጊቷ ራሴን ትክ ብለው አዩና «ተቀበረ?» አሉ።

«አዲስ አበባ ትራስ ላይ ቀረ።»

«እንግዲያ ሐዘንሽ ይበቃል። ቅቤ አምጡ!»

ሐዘን የፈታች ሴት ራሷን ቅቤ ትቀባ የለ! ወይንሸት እየተደናቀፈች ለጋ ቅቤ አመጣች። እማማ ወለላም መላጣዬን ቀስ እያሉ ቀቡት። ከታመምሁ ወዲህ ሰው ሲያዝንልኝ እንጂ ሲዳብሰኝ አላስታውስም፤ አለቀስሁ። ቅቤውም የሚይዘው ጸጉር ቢያጣ በግንባሬ ወርዶ ዓይኔ ገባ።

«በሉ፣ ሐዘኗን ፈታለች፤ ከበሮዋን መልሱላት!»

«ኧረ ትቀመጥ፣ ይደክማታል!» አለች ወይንሸት።

«አንቺ ተቀመጪ!» አሏት እማማ ወለላ።

ከበሮዬን አጥልቄ ቅቤው ባንገቴ እየወረደ መታሁ። ሙሽራ በገዛ ሠርጓ እልል አትልም፤ የእኔዋ ግን ከሁሉ ቀድማ እልልታዋን አቀለጠችው።