ሦስተኛው ቋጠሮ

«ይሄ ነገር ከቤት ይውጣ» አሉ እትዬ፣ የሟች ታላቅ እህት፣ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ በአንሶላ ተጠቅልሎ የተቀመጠውን መብራት በአገጫቸው እያመለከቱ። «ወንድሜን የበላ ዕቃ አናቴ ላይ ተቀምጦ አላለቅስም።»

ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው ሻዩን ፉት ማለቱን ተወ። የሟች ሚስት፣ ልብስ ሰፊዋ፣ እንደተቀመጠች ክው አለች። ከቀብሩ ወዲህ ሹክሹክታው ከጓዳ ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ደጅ ሲመላለስ ሰምታለች፤ ፊት ለፊት የደፈረ ግን አልነበረም። ሐኪሙ ልቡ ነው የቆመው ብሎ ነበር። እትዬ ታዲያ ምን ይላሉ? ኤሌክትሪክም እኮ ልብ ያቆማል። መብራቱንስ ሲሠራ የነበረው ለማን ነው? ለሚስቱ ስፌት!

እሷን የሚያንገበግባት የእትዬ ምላስ አልነበረም። እሳቸው በሠርጓ ቀን እንኳ ቀሚሷን አገላብጠው አይተው «እጅጌው ጠቧል» ያሉ ሴት ናቸው፤ ለምዳዋለች። የሚያንገበግባት፣ ሴትዮዋ እውነት ሊሆን የሚችል ነገር መናገራቸው ነው። እንዴት እውነት ሊሆን እንደሚችል ደግሞ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

ሟች ቀይና አረንጓዴ አይለይም ነበር። ዕድሜ ልኩን ሞተር ሲጠግን፣ ሽቦ ሲዘረጋ የኖረ ሰው ቀይና አረንጓዴ አንድ ይሆንበታል ቢባል ማን ያምናል? ከሥራው እንዳያባርሩት ደብቆት ኖረ። ቤት ውስጥ ሲሠራ «ዓይኔ፣ ነይማ» ይላታል። እሷም ከስፌት መኪናዋ ተነስታ በየሽቦው ላይ ክር ትቋጥርለታለች። ኤሌክትሪኩ የሚመጣበት ቀዩ አንድ ቋጠሮ፣ ጥቁሩ ሁለት፣ ወደ መሬት የሚወርደው አረንጓዴው ሦስት። ከዚያ በጣቱ እየዳሰሰ ይገጥማል። መለኪያ መሣሪያ አጥቶ አይደለም፤ ከመሣሪያው ይልቅ እሷን ያምን ነበር። ጎረቤት «ዓይኔ» ሲላት እየሰማ፣ ሰውዬው ለሚስቱ ጨርቁን ጥሏል እያለ ይቀልዳል። እነሱም እየተያዩ ይስቃሉ።

መብራቱን የጀመረው ጥቁር ጨርቅ ስትሰፋ ዓይኗን ስታሽ አይቶ ነው። ትናንሽ የኤልኢዲ አምፖሎች በአሉሚኒየም የድስት ክዳን ላይ ደረደረ፤ ክዳኑ ሙቀቱን ይጠጣል አለ። ከዚያ ድራይቨር ሊመርጡ አብረው ወጡ። ድራይቨር ማለት፣ እሱ እንዳስረዳት፣ ኃይሉን እየመጠነ አምፖሎቹን የሚያጎርስ ሳጥን ነው፤ እነዚህ ልጆች በቃኝ ማለት አያውቁም፣ የሚመጥንላቸው ካላገኙ በልተው ይሞታሉ አላት። ባለሱቁ ለሁለት ሽቦ የተሠራች ቀለል ያለች የፕላስቲክ ሳጥን አወጣላቸው። ቀይና ጥቁር ብቻ፤ ለእሱ ዓይን የማታስቸግር። በእጁ መዘናትና መለሳት። ሦስት ሽቦ የሚቀበለውን፣ ባለብረቱን አምጣ አለ።

«ለምን ራስህን ታስቸግራለህ? በትንሿ አይበራም?» አለችው በጆሮው።

«መብራቱስ ይበራል። ግን እጅሽ ቀኑን ሙሉ እዚያ ብረት ሥር ነው የሚውለው። አንድ ነገር ቢፈጠር መሬት ይውሰደው እንጂ አንቺን አይንካሽ።»

ከክዳኑ ብረት ጋር የሚታሰረው አረንጓዴው ሽቦ እንግዲህ በእሷ ምክንያት ነው ቤት የገባው።

የዚያን ቀንም ጠርቷት ነበር። «ዓይኔ፣ ነይማ ቋጥሪልኝ፤ መብራትሽ አለቀ።» እሷ የደንበኛ ቀሚስ ይዛለች። «ቆይ፣ ይቺን እጅጌ ልጨርስ» አለች። ጨርሳ ስትመጣ ጠረጴዛው ሥር ወድቋል። ከዚያ በኋላ ጩኸት ነው፣ ግርግር ነው። ስፒናው ግድግዳው ላይ ተሰክቶ ነበር? ማን ነቀለው? ምንም አታስታውስም። እንቅልፍ የነሳት አንድ ነገር ነው፤ ጠብቆ ጠብቆ ሲሰለቸው በግምት ገጥሞት ቢሆንስ? ቀዩን አረንጓዴ መስሎት ክዳኑ ላይ አስሮት፣ ክዳኑን ሲነካ ይዞት ቢሆንስ? እንዲያ ከሆነ የገደለችው እሷ ናት፣ በአንዲት እጅጌ።

«ፊውዝ፣ አውርደውና ወስደህ ጣለው» አሉ እትዬ።

ፊውዝ የሟች የሥራ ባልደረባ ነው፤ ስሙን ያወጡለት ቶሎ ስለሚቃጠል ነው። ዛሬ ግን እንደታዘዘ ወንበር ላይ ወጣና መብራቱን አወረደ። በሩ ጋ ሊደርስ ሲል ልብስ ሰፊዋ ተነሳች። ዝም ብትል ነገሩ ተጥሎ ይቀራል፣ እሷም ሳታውቅ ትኖራለች። ሳያውቁ መኖርም ግን አላስችል አላት።

«ክፈተው» አለችው።

ፊውዝ እትዬን አየ፣ እሷን አየ። ሰው ተቀምጦ አይሆንም፣ ሌላ ቀን ይደርሳል ምናምን አለ።

«ክፈተው አልኩህ። ቀዩ የት ነው የታሰረው? አረንጓዴውስ? እዚሁ ንገረኝ።»

«ቀይና አረንጓዴ ምን አመጣው?»

«አይለይም ነበር። እኔ ነበርኩ የምለይለት። የዚያን ቀን ጠራኝ፣ አልሄድኩም።»

ፊውዝ ከበሩ ተመለሰ። ያን ሁሉ ዓመት ሟች «እስቲ ቀዩን አቀብለኝ» እያለ ሲያዘው፣ ጌታ ጌታ ይጫወትብኛል ብሎ ስንቴ አኩርፎታል! እትዬ «ምን ትቀባጥራለች» አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደቅድሙ አልነበረም።

ፊውዝ መብራቱን ከአንሶላው ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና በካቻቢቴ ብሎኖቹን ይፈታ ጀመር። አንዱ ብሎን እምቢ አለ። ልብስ ሰፊዋ የወንበሩን መደገፊያ ጨምድዳ ያዘች። ሽፋኑ ሲነሳ ልታይ አልደፈረችም።

ፊውዝ ጎንበስ ብሎ ሽቦዎቹን ፈተሸ። የአምፖሎቹን ወገን ጨርሶታል አለ፣ ከድራይቨሩ ጋር አሳምሮ አያይዞታል።

«ወደ ግድግዳው የሚሄደውስ?» አለች።

«አልታሰረም። የሦስቱም ጫፍ በፕላስተር እንደተጠቀለለ ነው። ኤሌክትሪክ የሚባል አልደረሰበትም፣ እህቴ። ልቡ ነው።» ከዚያ መብራቱ ውስጥ ጣቱን ሰደደና እኩል እኩል የተቆረጡ ሦስት ነጭ ክሮች አወጣ። «እነዚህስ ምንድን ናቸው?»

አወቀቻቸው፤ ከራሷ ጥቅል ላይ ነው የቆረጣቸው። እስክትመጣ አዘጋጅቶ፣ እንዳይጠፉ ውስጥ ከድኗቸው ነበር። አልገደለችውም። እየጠበቃት ግን ሞተ።

እትዬ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። «ልጅ ሳለ ቲማቲም ልቀም ስለው ጥሬ ጥሬውን ይዞ ይመጣ ነበር» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «በኩርኩም ነበር የምለው።» ከዚያ በኋላ መብራቱ ይውጣ ያለ ሰው የለም።

ልብስ ሰፊዋ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። ፊውዝ ላግዝሽ ሲላት በእጇ ከለከለችው። ፕላስተሩን ላጠችና እሱ በቆረጣቸው ክሮች ቀዩ ላይ አንድ፣ ጥቁሩ ላይ ሁለት ቋጠረች። አረንጓዴው ላይ ሦስት ቋጥራ ሦስተኛውን አጠበቀች። ትርፉን ክር በጥርሷ ቆረጠችና «ጨረስኩ» አለች። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች፤ ቋጠሮዎቹን እሱ እንደሚያደርገው አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰቻቸው።