ለቅሶ ያለበት ሰፈር

ሙስአብ ስምንት ወር ሙሉ ከመሬት በታች ከተማ ሲሠራ ከርሟል። በወረቀት ነው እንግዲህ፤ ሦስት ደብተር ሞልቶ። ሳምንቱን ልደታ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቁ የሰው አቤቱታ ይጽፋል፤ እሑድ ከሰዓት ግን በሩን ገርበብ አድርጎ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ይጫወታል። እሱ ዓለሙን ይተርካል፣ እነሱ በፈጠሯቸው ሰዎች ሆነው ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፣ ያከራከረውን ሃያ ፊት ያለው የዕጣ ጠጠር፣ ዳይስ፣ ይፈታዋል።

ዛሬ በጨዋታው የንጉሡ ጦር የሚኖሩበትን ሰፈር ሊያፈርስ መጥቷል። እንደ ሙስአብ ዕቅድ ከሆነ ሦስቱም በዋሻው ያመልጣሉ፤ ከታች ያቺ የለፋባት ከተማ ትጠብቃቸዋለች።

«አንሄድም» አለች ከሦስቱ አንዷ ቢልቂስ።

«ሁለት ሺህ ወታደር እኮ ነው» አለ ሙስአብ።

«ይሁን። ካለፈው ሳምንት ቁስል አለብኝ። መድኃኒቱን ለቆሰለው ጎረቤቴ ሰጠሁትና ሞትኩ። ድንኳን ይተከል።»

ሴናና ገመቺስ ዞረው አዩዋት። ያቺን የፈጠረቻትን ሴት ሆና ሁለት ዓመት ተጫውታለች፤ ስለ እሷ እንደ እህቷ ነው የምታወራው።

«ሕጉን አንብበው» አለች።

የሙስአብ ደም ፈላ። በሥራው ልማድ የጨዋታውን ሕግ በአንቀጽ ከፋፍሎ፣ ሦስቱንም አስፈርሞ ፋይል አድርጎታል፤ አቤቱታ ጸሐፊ ካልሆነ ማን እንዲህ ራሱን በራሱ ያስራል። አንቀጽ ሰባት፦ ለቅሶ ያለበት ሰፈር ወታደር አይገባም። ያኔ ለማሳመሪያ ብሎ ነበር የጻፈው።

«አዛዡ ሕጉን ማክበሩን ዳይስ ይለየው» አለ። «ከአሥር በላይ ከወጣ ያከብራል።»

«እንደ አምናው ከዋሸኸን ግን ዛሬ የመጨረሻችን ነው» አለ ገመቺስ።

ዳይሱን የሚጥለው ከካርቶን ጀርባ ነው፤ የወጣውን የሚያየው እሱ ብቻ። «ከአሥር አላለፈም» የምትል አንዲት ውሸት ብቻ፣ በዋሻው ይወርዳሉ፣ ስምንት ወሩም ይተርፍለታል። ዐይኑ ለጨዋታው በሳለው የሰፈሩ ካርታ ላይ አረፈ። እነሱ አያውቁም እንጂ ሰፈሩ እሱ ያደገበት ነው፣ ዛሬ ኮንዶሚኒየም የቆመበት፤ የውሃ ቦኖው፣ የእናቱ ሰማያዊ በር፣ ሁሉም አለ። የፈረሰ ቀን ዕቃቸውን አይሱዙ ላይ ሲጭኑ አንድም ሰው አንሄድም አላለም። እሱም አላለም፤ ይኸው እስከ ዛሬ ይቆጨዋል።

ካርቶኑን አነሳና ዳይሱን ሁሉም ፊት ጣለው። አሥራ ስድስት።

«አዛዡ ቆቡን አወለቀ» አለ። «ለቅሶው ስንት ቀን ነው ይላል።»

«ሦስት» አለች ቢልቂስ።

«በአራተኛው ያፈርሳል።»

«በአራተኛው እኔ እሞታለሁ» አለች ሴና።

«ሦስት ቀን ቆይቼ እኔ እቀጥላለሁ» አለ ገመቺስ።

«ዘጠኝ ቀን» አለ ሙስአብ። «ከዚያስ? ሰው አለቀ።»

ቢልቂስ ባዶ ወረቀት ገፋ አደረገችለት። «አንተ አለህ። እስካሁን በጨዋታው የራስህ ሰው የለህም።»

ሙስአብ ወረቀቱን ተቀበላት። ከዚያ ደብተሮቹን ወደ ጎን ገፍቶ እስክሪብቶ አነሳ። እንደ አቤቱታ ወረቀት ከላይ ስሙን ጻፈ፣ ከሥሩ አድራሻውን፤ የፈረሰውን የእናቱን ቤት ቁጥር።